የታሳሪ ስም የመንግሥት ምስጢር አይደለም

ርዕሰ አንቀጽ

ወገን! ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡት። ሼር ከማድረጋችሁ በፊትም እስከ መጨረሻው ድረሱ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ክፍል ለመንግሥት ሳይሆን ለእኛው ነው የተጻፈው።

"ታሳሪዎች ይፈቱ" ስንል ከርመናል። አሁንም እንላለን። ዛሬ ግን ከዚያ የሚቀድም፣ ለመመለስ አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም የሚበቃው ጥያቄ ይዘን መጥተናል፦ ስማቸውን አውጡ። ማንን ነው የያዛችሁት? መቼ ያዛችሁት? የት አስቀመጣችሁት? በምን ጠረጠራችሁት? አራት ጥያቄ ነው፤ በቃ። እነዚህን አራቱን መመለስ ያቃተው መንግሥት "ጸጥታ እያስከበርኩ ነው" ሊለን አይችልም።

እስቲ ከሮብ ገበያ እንጀምር። ስሟ እንደሚናገረው የሮብ ገበያተኛ የሚገናኝባት ናት። እንበልና አንድ ልጅ ሮብ ዕለት በግ ሊሸጥ ወጥቶ ማታ ሳይመለስ ቀረ። "መኪና ላይ ሲጭኑት አየሁ" የሚል ሰው ተገኘ። እናቱ በነጋታው ቀበሌ ትሄዳለች፤ "ፖሊስ ጣቢያ ጠይቂ" ትባላለች። ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች፤ "እኛ አልያዝነውም፣ መከላከያ ይሆናል" ትባላለች። ካምፑ በር ላይ ትቆማለች፤ "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም፣ ሂጂ" ትባላለች። የቋጠረችውን ምሳ ይዛ ትመለሳለች። ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር። ልጇ ታስሮ ይሁን ሞቶ አታውቅም። ስንቅ ታቀብል ወይስ ተዝካር ታውጣ?

ይኼ ምሳሌ ነው፤ የማንንም ቤት ታሪክ አላወጣንም። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ "ይኼማ የእኛ ጎረቤት ነው" ያላችሁ?

ጸጥታ አያስፈልግም አንልም

አንዳንዱ ልጅ "ጸጥታ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ይስቃል። አትሳቁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊም ወገኖቻችን ሱቅ ሲወድም የጎደለው ምን ነበር? ጸጥታ ነው። በደረሰ በሰዓቱ ቆሞ የሚከላከል ኃይል፣ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚይዝ ፖሊስ፣ ሳይፈራ የሚፈርድ ዳኛ ነው የጎደለው። ያን ቀን መንግሥት እጁን ዘርግቶ አጥፊውን ቢይዝ "ነጻነቴ ተነካ" የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም ነበር።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። መንገድ ላይ ሾፌር ይታገታል። ቤተሰብ በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ የማስለቀቂያ ብር ይከፍላል። መምህር፣ ሐኪም፣ የቀበሌ ሠራተኛ በሰላም ወጥቶ መግባቱን እርግጠኛ አይደለም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ መንግሥት ወንጀለኛን የመያዝ ሥልጣን የለውም ብሎ የሚከራከር ካለ የሚከራከረው ከገበሬው ጋር ነው። የጎጃም ገበሬ ከጥንትም "በሕግ አምላክ!" ሲባል ባለበት የሚቆም ሰው ነው። ሕግ አይጠላም። የሚጠላው ሕግ የሌለው ጉልበት ነው።

ስለዚህ ጭቅጭቃችን "ይታሰር ወይስ አይታሰር" አይደለም። ጭቅጭቃችን እስር ምን ሲያሟላ ነው ሕግ የሚሆነው፣ ምን ሲጎድለው ነው አፈና የሚሆነው የሚል ነው። ለእኛ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስም አለው? ምክንያት አለው? ዳኛ አየው? ቤተሰቡ ያለበትን ያውቃል? እነዚህ ካሉ እስር ነው፤ ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ፍርድ ቤት ይለየዋል። ከሌሉ አጋቹ ዩኒፎርም ለበሰም አልለበሰም ድርጊቱ እገታ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱን የማይወደው ብዙ አንባቢ እንዳለን እናውቃለን። ይሁን። እኛም የምንቃወመው አንቀጽ አለን። ግን መንግሥት ራሱ "ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን ልንከላከል ነው" እያለ ነው ሰው የሚያስረው፤ እንግዲያው በራሱ ሰነድ እንጠይቀው።

አንቀጽ 17 ክስ ያልቀረበበት ወይም ያልተፈረደበት ሰው አይታሰርም ይላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚፈጀው ምክንያታዊ ጊዜ ብቻ ነው ከዚህ ላይ የማይቆጠረው። 48 ሰዓት ማለት ሮብ ጠዋት የተያዘ ሰው ዓርብ ጠዋት ዳኛ ፊት ነው ማለት ነው። በግድ የተወሰደ የእምነት ቃልም ማስረጃ አይሆንም ይላል ያው አንቀጽ። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። የየትኛውም ካምፕ ዘበኛ "ሂጂ" የማለት ሥልጣን አልተሰጠውም።

"ያ ለሰላም ጊዜ ነው፤ አሁን ጦርነት ነው" የሚል አለ። እሺ፣ እሱንም እንይ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015 ታወጀ። ነሐሴ 8 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዘመ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ብዙ መብት ያግዳል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 ይፈቅድለታል። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ 93 ውስጥ በምንም አዋጅ የማይነኩ አንቀጾች ተዘርዝረዋል። አንዱ አንቀጽ 18 ነው፤ ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብዓዊ፣ ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን የሚከለክለው። ስለዚህ ቦምብ እየፈነዳም ቢሆን፣ ከተማ ተከቦም ቢሆን፣ እስረኛ መግረፍ የተከለከለ ነው። "በልዩ ሁኔታ" የሚባል ቀዳዳ የለውም።

ከዚህ የሚበልጠውን ደግሞ ስሙ። አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። የዚህ ቦርድ የመጀመሪያ ሥራ ምንድን ነው? በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ሁሉ ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ፣ የታሰሩበትንም ምክንያት መግለጽ ነው። የሁሉንም! የታዋቂ ሰዎችን ብቻ አይደለም፤ ከሮብ ገበያ በግ ሲሸጥ የተያዘውንም ነው።

እንግዲህ "ስም ማውጣት ምርመራ ያበላሻል፣ ለጠላት መረጃ ይሰጣል" የሚለን ባለሥልጣን መልሱን እዚህ ያገኘዋል። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ይኼን አስበውበታል። አገር በጦርነት ላይ ሆና፣ ብዙ መብት ታግዶ ሳለ እንኳን የታሳሪው ስም ይውጣ ብለዋል። ምክንያቱም የማይታወቅ እስረኛ ላይ ምን እንደሚደረግ ከእኛ አገር ታሪክ በላይ የሚያስተምር የለም።

አዋጁ ደግሞ በ2016 ግንቦት መጨረሻ ላይ ጊዜው አበቃ። አልታደሰም። ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 18 ቀን 2017 በክልላችን የጅምላ እስር ዘመቻ ተጀመረ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ መምህር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር ተወሰደ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የታሰሩት በሺዎች እንደሚቆጠሩ ገልጿል፤ ዳንግላን፣ ጭልጋ ሰራባን፣ ኮምቦልቻንና ሸዋ ሮቢትን የእስረኞች ማቆያ ብሎ ጠርቷል። ወገን፣ ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አልነበረም። አዋጅ ከሌለ አንቀጽ 19 ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ነው። 48ቱ ሰዓት ይቆጠራል። ታዲያ በየትኛው ሕግ ነው ሰው ለወራት ካምፕ ውስጥ ያለ ክስ የተቀመጠው? ይኼን የሚመልስ ወረቀት እስከ ዛሬ አልታየም።

ሕግ ለሚያውቀው ሰውም አልሆነ። አቶ ክርስቲያን ታደለ ሲያዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበር። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። አዋጁ በታወጀ ሰሞን ተያዘ፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብቱን ያነሳው ከታሰረ ከወራት በኋላ ነው። የክልሉ ምክር ቤት አባል የነበረው አቶ ዮሐንስ ቧያለውም እንዲሁ። በቴሌቪዥን የምናውቀው፣ ድምፅ የሰጠነው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ስሙን ከቀዬው ውጭ ማንም የማያውቀው ልጅ እንዴት ይሆን?

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 1970

ይኼን ታሪክ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

በደርግ ዘመን የጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረ እሸቱ ዓለሙ የሚባል ሰው ነበር። በነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ታስረው የነበሩ 75 ወጣቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታንቀው ተገደሉ። በኢሕአፓነት የተጠረጠሩ ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ ይኼን ጽሑፍ የምታነቡት እኩዮች። ያኔም ምክንያቱ "የአብዮቱ ደህንነት" ነበር። ሰውየው በኋላ ኔዘርላንድስ ገባ፣ ዜግነት አገኘ፣ ኑሮውን ቀጠለ። ነገሩ የተረሳ መሰለ።

አልተረሳም። ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 የሄግ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። 39 ዓመት ቆይቶ! በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ቅጣቱን አጸናው።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ሰውየው የተፈረደበት ስለ ገደለ ብቻ አይደለም። ሰዎችን ያለ ሕግ ማሰርና በእስር ላይ ኢሰብዓዊ በሆነ ሁኔታ መያዝም ከተፈረደበት ወንጀል ውስጥ ነው። ማሰቃየት ብቻ ሳይሆን በዘፈቀደ አስሮ በጨለማ ማጎርም የጦር ወንጀል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፍርዱ ላይ ከደረሱት ማስረጃዎች ዋናው ወረቀት ነው። ደርግ ጨካኝ ነበር፤ ግን ይጽፍ ነበር። የሚገደሉትን ስም ዘርዝሮ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ያስቀምጥ ነበር። ያ ስም ዝርዝር ያኔ ልጆቹን ገደላቸው፤ ከ39 ዓመት በኋላ ግን ገዳያቸውን አሳሰረ።

አሁን ገባችሁ ለምን የዛሬው እስር ስም እንደማይወጣለት? ስም ከወጣ ተጠያቂ አለ። "በዚህ ቀን ከእገሌ እጅ ተረክቤያለሁ" የሚል ፊርማ ካለ፣ ልጁ ነገ ቢጠፋ የሚጠየቅ ሰው አለ። ፊርማ ከሌለ ሁሉም "እኔ አልያዝኩትም" ብሎ ይሄዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ሰውን በግድ መሰወርንና ኢሰብዓዊ ድብደባን በይርጋ የማይታገድ፣ በምሕረትም የማይታለፍ ብሎታል። እንግዲህ ዛሬ ካምፕ በር ላይ ቆሞ "እዚህ የለም" የሚል መኮንን ይኼንን ይወቅ፤ ጊዜ አያድነውም፣ ርቀትም አያድነውም። ደብረ ማርቆስና ሄግ መካከል ብዙ አገር አለ፤ ወረቀቱ ግን ደርሷል።

"ግን እስር ሰላም ያመጣል" ለሚለው

የጅምላ እስር ደጋፊ የመጨረሻ መከራከሪያው "ይሠራል" የሚል ነው። ጥቂት ንጹሕ ሰው ይጉላላል፣ ግን አገር ይረጋጋል ይላል። ይኼን በስሜት ሳይሆን በታሪክ እንመልሰው።

አያቶቻችን አውጫጭኝን ያውቁታል። ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪጠቆም ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። ዘር ቢያልፍ፣ አዝመራ ቢበሰብስ ሥርዓቱ ግድ የለውም። የጅምላ እስር እኮ አውጫጭኝ ነው፤ ልዩነቱ የአውጫጭኙ ሰው ቢያንስ ሜዳ ላይ፣ ዘመድ እያየው ነበር የሚቀመጠው።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው እምቢ አለ። ሞጣና ቢቸና የዚያ እምቢታ ማዕከል ነበሩ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር መንደር ደበደበ። ጎጃም ረጋ? አልረጋም። የረጋው ጃንሆይ ጠቅላይ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ሲያነሱና ውዝፉ ግብር ሲሰረዝ ነው። ጥያቄው ሲመለስ ማለት ነው።

በ2009 ደግሞ እናንተም ታስታውሳላችሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ መንግሥት ራሱ ባመነው ቁጥር ከ20 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ብር ሸለቆ፣ ጦላይ፣ አዋሽ፣ አላጌ እስረኛ ሞላ። "ተሐድሶ" ሰጥተው "አይደገምም" የሚል ካናቴራ አልብሰው ሸኟቸው። ያን ካናቴራ የለበሰ ወጣት ቤቱ ሲገባ ታርሞ ነው የገባው? ታኅሣሥ 2009 ላይ የመጀመሪያዎቹ በሺዎች ተለቀቁ፤ የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። 14 ወር አልሞላም። የሚገርመው ደግሞ ያ አዋጅ የተነሣው ሐምሌ 28 ቀን 2009 ነው። የአማራ ክልሉ አዋጅ የታወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። በመሀል ማዕከላዊ ተዘጋ፤ ሰኔ 2010 ዶክተር ዐቢይ ምክር ቤት ቆመው መንግሥት እስረኛ ያሰቃይ እንደነበር አመኑ፤ ሁላችንም አዲስ ዘመን መጣ አልን። እስር ቤት መዝጋት ግን ልማዱን መዝጋት እንዳልሆነ ይኸው አየነው።

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ነሐሴ 1963 የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን አየርላንድ ያለ ፍርድ ማሰር ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን 342 ሰው ያዘ። የስም ዝርዝሩ ያረጀ ስለነበር ከተያዘው ብዙው ምንም የማያውቅ ሰው ነበር። በ1968 እስኪቀር ድረስ ወደ 2 ሺህ ሰው ታሰረ። ምን ተገኘ? ግድያው በአያሌው ጨመረ፤ እስሩ ራሱ ለታጣቂው ከማንኛውም ቅስቀሳ የበለጠ ወጣት መለመለለት። የእንግሊዝን ያህል ፖሊስና ስለላ ያለው መንግሥት ያልሆነለት ነገር ለእኛ መንግሥት እንዴት ይሆንለታል?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥራ የሌለው፣ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቤተሰብ ጋር የተቀመጠ ወጣት በዚህ ክልል ስንት ነው? ዛሬ ዕድሜውና ሥራ ፈትነቱ ብቻ እንደ ማስረጃ ይቆጠርበታል። ፍተሻ ላይ "ምን ትሠራለህ?" ይባላል፤ "ምንም" ካለ ተጠርጣሪ ነው። ባጠፋም ባላጠፋም እንደሚታሰር ያወቀ ልጅ ላለማጥፋት ምን ምክንያት ይቀርለታል? ፍርድ ቤት ንጹሑን ከአጥፊው ሲለይ ንጹሑን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ መንግሥትንም ነው የሚጠቅመው። "ካላጠፋህ አትነካም" የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ዳኛ ሲኖር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን

እዚህ ጋ አንዳንዱ ጽሑፉን ይዘጋዋል። አትዝጉት።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ የትግራይ ተወላጅ በስሙና በመታወቂያው ብቻ ታፈሰ። አሮጊት፣ መነኩሴ፣ የቀን ሠራተኛ ሳይቀር። ከእኛ ሰፈር ያን ጊዜ ያጨበጨበ አልጠፋም፤ "ጦርነት ነው፣ ምን ይደረግ" ያለም ብዙ ነው። አዋጁ በየካቲት ተነሣ። በግንቦት 2014 ደግሞ "ሕግ ማስከበር" በሚል ዘመቻ በአማራ ክልል ከ4 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ሦስት ወር ብቻ! መሣሪያው ያው ነው፤ የዞረው አፈሙዙ ብቻ ነው። ስለዚህ "ስም ይውጣ" ስንል ለአማራ ብቻ አይደለም የምንለው። የትግራዩም፣ የኦሮሞውም፣ የሌላውም ታሳሪ ስም ይውጣ። ለሌላው ያልቆመ መብት ለእኛም አይቆምም፤ ይኼ ደግነት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ይከብዳል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የእኛ ነው የምንለውም ጭምር፣ በእጁ ሰው ይገባል። የተማረከ ወታደር፣ የተያዘ ሚሊሻ፣ "ጠቋሚ ነው" የተባለ የቀበሌ ሰው። እነዚህ ሰዎች ስም አላቸው? ቤተሰባቸው ያለበትን ያውቃል? የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3፣ ሄግ ላይ እሸቱ ዓለሙን ያስፈረደው ሕግ፣ መንግሥትን ብቻ አይደለም የሚያስረው፤ የሚዋጋን ወገን ሁሉ ነው። እጁን የሰጠ ሰው አይገደልም፣ አይደበደብም፣ አይዋረድም። ገንዘብ የተጠየቀበት እገታማ ትግል ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ ሽፍትነት ነው።

ይኼ ከውጭ የመጣ ፈረንጅ ሕግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 እምባቦ ላይ ቆስለው በምኒልክ እጅ ወደቁ። ምኒልክ ቁስላቸውን አስታመሙ እንጂ አልጨረሷቸውም። ምርኮኛን ማክበር የአባቶቻችን የጀግንነት መለኪያ ነበር። ዛሬ በስልካችን የሚዞረው ግን ምንድን ነው? የተንበረከከ ሰው፣ ፊቱ ያበጠ ሰው፣ "ባንዳ ነኝ በል" እየተባለ የሚለፈልፍ ሰው። በሳቅ እየታጀበ! ያን ቪዲዮ ሼር የምታደርጉ ልጆች፣ ነገ የእናንተ ወንድም በዚያ ቦታ ተቀምጦ ሲቀረጽ በምን አፋችሁ ልትጮኹ ነው? ይኼ ገጽ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አይለጥፍም። ኮሜንት ላይ የሚለጥፍም ይሰረዝበታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጻፉ። ዘመዳችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ከተያዘ የዚያኑ ቀን ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ቦታው፣ የያዙት ሰዎች ምን ዓይነት ልብስ እንደለበሱ፣ የመኪናው ሰሌዳ ከታየ ቁጥሩ፣ ያየ ሰው ማን እንደሆነ። ሁለት ቅጂ አድርጉትና በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ትዝታ ይሳሳታል፤ የዚያን ቀን ወረቀት ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ አመልክቱ። ሕጉ "አካልን ነጻ ማውጣት" የሚባል አቤቱታ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ታገኙታላችሁ። ታሳሪው ራሱ መጻፍ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ አሳሪውን "ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ" ብሎ ያዛል። "ትእዛዙን አያከብሩም" ትሉ ይሆናል። ላያከብሩ ይችላሉ። ግን ትእዛዙን አለማክበራቸውም መዝገብ ላይ ይገባል። ፈርቶ ውድቅ ያደረገው ዳኛም ፊርማው እዚያ አለ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በጽሑፍ አመልክቱ፤ ያመለከታችሁበትን ማስረጃ ያዙ።

ሦስተኛ፣ አትዋሹ። 10 ሰው ከታሰረ 10 በሉ፤ 100 አትበሉ። የአንዱን ቦታ ፎቶ የሌላ ቦታ ነው ብላችሁ አትለጥፉ። አንድ ውሸት ሲጋለጥ ዘጠኙን እውነት ይዞ ይወድቃል፤ የሚጎዳውም ፌስቡክ ላይ ያለነው ሳንሆን ካምፕ ውስጥ ያለው ልጅ ነው።

አራተኛ፣ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ የማንንም ስም በአደባባይ አታውጡ። ስም ማውጣት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ምርጫ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ የሚፈራበት በቂ ምክንያት አለው። ለእኛ በውስጥ መስመር የላካችሁትን ያለ ፈቃዳችሁ አንለጥፍም። ስልካችሁ ፍተሻ ላይ ሊታይ እንደሚችልም አትርሱ።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ደግሞ ይኼ ነው። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የተያዙ ሰዎች ሁሉ ስም፣ የተያዙበት ቀን፣ ያሉበት ቦታና የተጠረጠሩበት ጉዳይ በየወረዳው ይለጠፍ። ክስ ያለበት ዳኛ ፊት ይቅረብ፤ ክስ የሌለበት ዛሬውኑ ቤቱ ይግባ። የሞተ ካለ፣ አዎ የሞተ ካለ፣ ለቤተሰቡ ይነገር፤ አስከሬኑም ይሰጥ። ካምፖቹ ለቤተሰብ፣ ለሐኪም፣ ለሃይማኖት አባትና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይከፈቱ። ይኼ አንዱም ጸጥታን አያናጋም። አንድ ተዋጊ አያስታጥቅም፣ አንድ ኬላ አይከፍትም። የሚያሳጣው ነገር ቢኖር ያለ ተጠያቂነት ሰው የማጥፋት ምቾትን ብቻ ነው።

የቢቸናው በላይ ዘለቀ ጠላት ያልጣለውን አንገቱን ነጻ በወጣች አገሩ፣ ጥር 1937 ለስቅላት ሰጠ። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ የጎጃምን ሰው ያንገበግበዋል። ግን ቢያንስ ቀኑ ይታወቃል፤ የሞተበት ቦታ ይታወቃል፤ ማን እንደፈረደ ይታወቃል። ስለታወቀም ነው ሰማንያ ዓመት ሙሉ ስንከራከርበት የኖርነው። በገበያ መሀል ተጭኖ የቀረው ልጅ ግን ይኼ እንኳን የለውም። ለእሱ ከሁሉ በፊት የምንጠይቅለት ስሙ አንድ ወረቀት ላይ እንዲሰፍርለት ነው።

ሮብ ሲደርስ ገበያው ይቆማል። እናትየውም እንደገና ካምፑ በር ላይ ትቆማለች። መልስ ይሰጣት።

#ስማቸውን_አውጡ